የጋዝ ሲሊንደርን ጎንደር ላይ በደኅና ለመግዛት፣ ለማጓጓዝ፣ ለመግጠምና ለማስቀመጥ፦ ዝርዝር መመሪያ

ጋዝ ሲሸት ብዙ ሰው ሮጦ ከፍ ያለውን መስኮት ይከፍታል፤ ጋዙ ግን የተኛው ወለሉ ላይ ነው። ሬጉሌተሩን (በሲሊንደሩ አፍ ላይ የሚገጠመውን የግፊት መቀነሻ) ሲገጥምም መፍሰስ አለመፍሰሱን በክብሪት ይፈትሻል፣ እሳቱ ሲደክም ሲሊንደሩን ወደ ከሰል ያስጠጋል፣ መለዋወጫውን ሲሊንደር ደግሞ አልጋ ሥር ያስቀምጣል። እነዚህ ስሕተቶች ምንጫቸው አንድ ነው፤ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን ነገር እንደ ጭስ መቁጠር። ስለዚህ የሚከተሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተላቸው ይፈጽሙ፤ አንዱን ዘለው ወደ ቀጣዩ አይሂዱ።

ደረጃ 1፦ የያዙትን ነገር ይወቁ

በሲሊንደሩ ውስጥ ያሉት ፕሮፔንና ቡቴን የሚባሉ ጋዞች ናቸው፤ አመጣጣቸውም እንዲህ ነው። ከምድር የሚወጣው የተፈጥሮ ጋዝ አብዛኛው ሜቴን ሲሆን፣ ኤቴን፣ ፕሮፔን፣ ቡቴንና ከእነዚህም የከበዱ ነገሮች ተቀላቅለውበት ይወጣሉ። በማጣሪያ ጣቢያው መጀመሪያ ካርቦን ዳይኦክሳይድና መርዛማው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ይወገዳሉ፤ ከዚያም ውኃው ይወጣል፤ ውኃው ከቀረ ቀጥሎ በሚመጣው ቅዝቃዜ በረዶ ሠርቶ ቧንቧውን ይደፍናልና። የደረቀው ጋዝ ግፊቱን በድንገት በሚቀንስ ተርባይን ውስጥ ሲያልፍ ከዜሮ በታች ወደ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያም በታች ይወርዳል። በዚህ ቅዝቃዜ ሜቴኑ በአብዛኛው ጋዝ እንደሆነ ሲያልፍ የከበዱት ፈሳሽ ሆነው ይጠራቀማሉ።

ይህ የፈሳሽ ድብልቅ በተከታታይ ረጃጅም ማማዎች ውስጥ እየተሞቀ ይለያል። በመጀመሪያው ማማ ኤቴን፣ በሁለተኛው ፕሮፔን፣ በሦስተኛው ቡቴን በላይ በኩል ይወጣል፤ በስተመጨረሻ ከታች የሚቀረው ከቤንዚን ጋር የሚቀራረብ ፈሳሽ ነው። እኛ ሲሊንደር ውስጥ የምናገኘው ፕሮፔንና ቡቴን ወይም የሁለቱ ድብልቅ ሲሆን፣ ከተፈጥሮ ጋዝ ብቻ ሳይሆን ድፍድፍ ነዳጅ ሲጣራም ይገኛል። ወፍራም ግድግዳ ባላቸው ክብ ወይም ሞላላ ታንከሮች በግፊት፣ በትልልቅ ወደቦች ደግሞ በማቀዝቀዝ ይከማቻል፤ በመርከብ ወደብ ደርሶ በቦቴ ይጓዛል፤ በመሙያ ጣቢያ ወደ ሲሊንደር ይገለበጣል። ስለ ሶማሌ ክልሉ የካሉብ ጋዝ ሰምተው «ያው ጋዝ ነው» የሚሉ አሉ። ሆኖም በማቀዝቀዝ ፈሳሽ የሚደረገው የተፈጥሮ ጋዝ ሜቴን ነው፤ ፈሳሽ ሆኖ ለመቆየት ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ያህል ቅዝቃዜ ስለሚፈልግ በቤት ሲሊንደር አይቀመጥም።

ለቤትዎ ከዚህ ሁሉ አራት ነገር ይያዙ።

1. ፕሮፔን የሚፈላው ከዜሮ በታች በ42 ዲግሪ፣ ቡቴን ደግሞ በዜሮ ዲግሪ አካባቢ ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ ፈሳሽ ሆነው የሚቆዩት በግፊት ብቻ ስለሆነ፣ ሙቀት በጨመረ ቁጥር ግፊቱም ይጨምራል። በ20 ዲግሪ ፕሮፔን ወደ 8 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው)፣ ቡቴን ወደ 2 ባር ግፊት አለው።

2. ፈሳሹ ወደ ተን ሲለወጥ ይዘቱ ከ200 ጊዜ በላይ ይሰፋል። አንድ ኪሎ ግራም ፈሳሽ ጎንደር ላይ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ኪዩብ ተን ይሆናል። አየር ውስጥ 2 ከመቶ ያህል ጋዝ ከገባ ሊቀጣጠል ስለሚችል፣ ይህች አንድ ኪሎ ወርዱና ርዝመቱ ሦስት ሦስት ሜትር የሆነን ክፍል በሙሉ ለእሳት ታዘጋጃለች።

3. ፕሮፔን ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ፣ ቡቴን ሁለት ጊዜ ያህል ይከብዳል። እንደ ውኃ ዝቅ ያለውን ቦታ ፈልጎ ይተኛል።

4. በተፈጥሮው ሽታ የለውም። የምንሰማው የበሰበሰ ሽታ ለማስጠንቀቂያ ተብሎ የተጨመረ ነው፤ አፍንጫ ደግሞ ይለምደዋል። ስለዚህ «ሽታው ጠፋ» ማለት «ጋዙ ወጣ» ማለት አይደለም።

ደረጃ 2፦ ሲሊንደሩ ከመምጣቱ በፊት ቦታውን ያዘጋጁ

ከሁሉ የሚሻለው ቦታ ከቤት ውጭ፣ ጥላ ያለበት፣ አየር የሚያገኝ የግድግዳ ጥግ ነው። ውስጥ ማስገባት ግድ ከሆነ በወጥ ቤቱ በር አጠገብ ያድርጉት፤ በሩም ሥር ወይም ግድግዳው ሥር፣ ወለሉን ተጠግቶ፣ ወደ ደጅ የሚከፈት የአየር ቀዳዳ ይኑር። ላይኛው መስኮት ይህን ቀዳዳ አይተካም።

ጎንደር ተዳፋት ላይ የተሠራች ከተማ ናት። ከላይኛው ግቢ ያፈሰሰ ጋዝ ወደ ታችኛው ጎረቤት ደጃፍ፣ ወደ ቦይና ወደ ፍሳሽ ጉድጓድ ይወርዳል። ስለዚህ ሲሊንደሩን ከፍሳሽ ቀዳዳ፣ ከሽንት ቤት ጉድጓድና ከምድር ቤት መግቢያ ቢያንስ ሁለት ሜትር ያርቁ፤ ከጎረቤት በታችም በላይም ከሆኑ ወደየት እንደሚፈስ አስቀድመው ያስቡ።

የከሰል ማንደጃ ከሲሊንደሩ ጋር በአንድ ክፍል አይኑር። ይህን ማንም ሰው ቀለል አድርጎ እንዳያየው እለምናለሁ። ቡና ስናፈላ ማንደጃው፣ ዕጣኑና ረከቦቱ ወለል ላይ ናቸው፤ የሚያፈሰው ጋዝም መጀመሪያ የሚደርሰው ወለል ላይ ነው። በዓልና እንግዳ ሲበዛ፣ በተለይ በጥምቀት ሰሞን ቤቱ ሁሉ ሲጨናነቅ፣ የቡናውን ቦታ ወደ ሌላ ክፍል ወይም ወደ ግቢ ያውጡ።

ደረጃ 3፦ ሲገዙ ይመርምሩ

በብዛት የሚገኘው የቤት ሲሊንደር 12.5 ኪሎ ግራም ጋዝ የሚይዝ ነው። የሲሊንደሩ ባዶ ክብደት አንገቱ ዙሪያ ባለው ብረት ላይ ተቀርጾ ወይም ተጽፎ ይገኛል። ባዶው 13.8 ኪሎ ከሆነ ሙሉው 26.3 ኪሎ መመዘን አለበት።

1. ሻጩ ፊትዎ ላይ እንዲመዝን ያድርጉ። ጎድሎ ከተገኘ አይቀበሉ።

2. በልጦ ከተገኘም አይቀበሉ። ገዢ ሁሉ የሚጨነቀው ለጉድለቱ ነው፤ አደገኛው ግን ትርፉ ነው። ሲሊንደር በፈሳሽ የሚሞላው ከይዘቱ ከ80 እስከ 85 ከመቶ ብቻ ሲሆን፣ የቀረው ባዶ ቦታ ፈሳሹ በሙቀት ሲሰፋ የሚሄድበት ነው። ያ ቦታ ከተያዘ ፀሐይ ላይ የቆመ ሲሊንደር ጋዝ ይተፋል፤ ከባሰም ይሰነጠቃል።

3. የቫልቩ (የሲሊንደሩ መክፈቻና መዝጊያ) ማሸጊያ ያልተነካ መሆኑን፣ የሲሊንደሩ አካል ያልተጨረመተ፣ በዝገት ያልተበላና የእሳት ጠባሳ የሌለበት መሆኑን ይመልከቱ። የታችኛውን ክብ እግር አይዝለሉ፤ እርጥብ ወለል ላይ የሚቀመጥ ሲሊንደር መጀመሪያ የሚዝገው እዚያ ነው።

4. ሬጉሌተርዎን ይዘው ይሂዱ። የሲሊንደር ቫልቮች ከአከፋፋይ አከፋፋይ ስለሚለያዩ፣ አንዱ ተጭኖ የሚገባ፣ ሌላው በብሎን የሚጠብቅ ነው። የማይስማማን ሬጉሌተር በጎማና በፕላስተር አስገድዶ መግጠም ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

ደረጃ 4፦ ቁሞ ይጓዝ

በባጃጅም ሆነ በፒክአፕ ሲሊንደሩ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ እንዳይወድቅ በገመድ ይታሰር። ተኝቶ ከተጓዘ ፈሳሹ ወደ ቫልቩ ይደርሳል፤ ቫልቩ ቢላላ የሚወጣው ተን ሳይሆን ፈሳሽ ነው፤ ፈሳሽ ደግሞ ከላይ እንደተባለው ከ200 ጊዜ በላይ ይሰፋል። በተዘጋ የመኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ አይጫን፤ ተሳፋሪ በሞላበት ሚኒባስም አይግባ። ሲያወርዱ አያንከባልሉ፣ አይወርውሩ።

ወደ መተማ የሚወርድ ሰው ከጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ከ1,000 ሜትር በታች ወደሆነ ቆላ ስለሚሄድ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ሲሊንደሩን ነጣ ባለ ጨርቅ ከፀሐይ ያጥላ፤ ጨርቁ ግን አየር የማያስገባ ሸራ አይሁን። በመንገድ ለምሳ ሲቆም መኪናውን ጥላ ሥር ያቁም።

ደረጃ 5፦ መግጠም

የሚያስፈልጉት፦ ለጋዝ ተብሎ የተሠራ ጎማ፣ ሁለት የብረት ማሰሪያዎች፣ ዝቅተኛ ግፊት ያለው የቤት ሬጉሌተር፣ የብሎን መፍቻ (ካቻቢቴ)፣ ሳሙና የተበጠበጠበት ውኃና ስፖንጅ። የውኃ ጎማ አይጠቀሙ፤ ፕሮፔንና ቡቴን ተራውን ጎማ ቀስ በቀስ ያበላሹታል። የጎማው ርዝመት ከአንድ ሜትር ተኩል አይብለጥ፤ በግድግዳ ውስጥ ወይም ከምድጃው ኋላ ትኩስ ብረት እየነካ አይለፍ። በላዩ የታተመው ጊዜ ካለፈ ወይም ሲያጥፉት ስንጥቅ ካሳየ ወዲያው ይቀይሩት።

1. በክፍሉና በአጠገቡ ያለውን እሳት ሁሉ ያጥፉ፤ ከሰል፣ ሻማና ዕጣን ጭምር። በሩን ይክፈቱ። ልጆችን ያስወጡ።

2. የምድጃውን ቁልፎች ሁሉ ይዝጉ። የሲሊንደሩ ቫልቭም መዘጋቱን ያረጋግጡ።

3. ጎማውን በምድጃው አፍ ላይ እስከ መጨረሻው ይግፉት፤ በማሰሪያው ያጥብቁ። በሬጉሌተሩ በኩልም እንዲሁ ያድርጉ። ማሰሪያው ጎማውን እስኪቆርጥ ድረስ አይጥበቅ።

4. የቫልቩን ማሸጊያ ያንሱ፤ ክዳኑን ግን አይጣሉት፤ በኋላ ያስፈልጋል። በውስጥ ያለችውን የጎማ ቀለበት በዓይንዎ ይመልከቱ። ከሌለች፣ ከተቆረጠች ወይም ከደረቀች ሲሊንደሩን ሳይከፍቱ ወደ ሻጩ ይመልሱ። ብዙ ቤት የሚያፈሰው በዚህች ትንሽ ቀለበት ምክንያት ነው።

5. ሬጉሌተሩን ቀጥ አድርገው ያስገቡ። በብሎን የሚገባ ከሆነ በጣት ይጀምሩ፤ የጋዝ ብሎን ብዙውን ጊዜ ከተራው ብሎን በተቃራኒ ወደ ግራ እንደሚጠብቅ ያስታውሱ። አልገባ ካለ በመፍቻ አያስገድዱ፤ ጥርሱ ተጣሞ ይሆናልና አውጥተው እንደገና ያስገቡ። ተጭኖ የሚገባ ከሆነ «ጠቅ» የሚል ድምፅ መስማት አለብዎት፤ ከዚያ ወደ ላይ ሳብ ሲያደርጉት መውጣት የለበትም።

6. የሲሊንደሩን ቫልቭ ቀስ ብለው ይክፈቱ። የምድጃው ቁልፎች አሁንም ዝግ ናቸው።

7. የሳሙናውን ውኃ በቫልቩ ዙሪያ፣ በሬጉሌተሩ መጋጠሚያ፣ በሁለቱም ማሰሪያዎች፣ በጎማው ርዝመት ሁሉና በምድጃው ቁልፎች ሥር ይቀቡ። ለአንድ ደቂቃ ያህል ሳይቸኩሉ ይመልከቱ። የሚያድግ አረፋ ካለ ጋዝ ይወጣል። በክብሪት ወይም በላይተር መፈተሽ ጋዙን ፈልጎ ማግኘት ሳይሆን ማቀጣጠል ነው።

አረፋ ከታየ፦ ቫልቩን ይዝጉ። አረፋው በማሰሪያው ላይ ከሆነ ጎማውን አውጥተው ጫፉን በቀጥታ ቆርጠው እንደገና ያስገቡ። በሬጉሌተሩ መግቢያ ከሆነ ነቅለው ቀለበቷን ይመርምሩና እንደገና ይግጠሙ። ከዚያ በዚሁ ደረጃ ከተራ ቁጥር 6 ጀምረው ይድገሙ። ቫልቩ ተዘግቶም ከራሱ ከቫልቩ አካል የሚወጣ ከሆነ ለመጠገን አይሞክሩ፤ ሲሊንደሩን ቁሞ እንዳለ ክፍት ወደሆነ፣ ሰውና እሳት ወደማይደርስበት ቦታ ያውጡና ሻጩን ይጥሩ።

ደረጃ 6፦ ማቀጣጠልና ማጥፋት

ለማቀጣጠል የሲሊንደሩን ቫልቭ ይክፈቱ፣ ክብሪቱን ይጫሩ፣ ነበልባሉን ወደ ምድጃው አፍ ያቅርቡ፣ ቁልፉን ከዚያ በኋላ ይክፈቱ። ቁልፉን ከፍቶ ክብሪት መፈለግ ፊትንና ቅንድብን የሚያቃጥል ልማድ ነው። መጀመሪያ ላይ እንቢ ካለ ቁልፉን ዘግተው ሽታው እስኪሄድ ይጠብቁ፤ ወዲያው አይድገሙ።

ሲያጠፉ መጀመሪያ የሲሊንደሩን ቫልቭ ይዝጉ፣ በጎማው የቀረው ጋዝ ነድዶ ሲጠፋ የምድጃውን ቁልፍ ይዝጉ። ሌሊት ባቄላ ወይም ሥጋ ለማብሰል እሳቱን ትቶ መተኛት አይገባም። በጎንደር ከፍታ ውኃ በ93 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ጥሬው ቶሎ እንደማይበስል እውነት ነው፤ መፍትሔው ግን ቀድሞ መዘፍዘፍና በደንብ የሚከደን ድስት እንጂ ማንም የማያየው እሳት አይደለም።

ደረጃ 7፦ እሳቱ ሲደክም ወይም ቢጫ ሲሆን

በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ማለዳ እሳቱ ሊደክም ይችላል፤ ደባርቅና ዳባት ላይ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ፈሳሹ ወደ ተን ሲለወጥ ሙቀት የሚወስደው ከራሱና ከብረቱ ስለሆነ ሲሊንደሩ ይቀዘቅዛል፤ ላቦት፣ አንዳንዴም አመዳይ በላዩ ይታያል። ቡቴን የበዛበት ጋዝ በዚህ ጊዜ ግፊቱ በጣም ይወርዳል።

ሲሊንደሩን በፈላ ውኃ አይንከሩ፣ በከሰል አያሙቁ፣ በጎኑም አያስተኙ። ማድረግ የሚገባው እሳቱን ቀንሶ ረጋ ብሎ መጠቀም፣ ሲሊንደሩን ከቀዝቃዛው የሲሚንቶ ወለል አንሥቶ በእንጨት ርብራብ ላይ ማቆምና ውርጩ እስኪያልፍ መጠበቅ ነው። ሲመዝኑት ክብደቱ ከባዶው ብዙም የማይርቅ ከሆነ ግን ጋዙ አልቋል፤ ችግሩ ብርዱ አይደለም።

ነበልባሉ ሰማያዊ መሆን አለበት። ቢጫ ሆኖ ድስቱን ጥላሸት ከቀባ አየር አጥቷል። ምድጃው ሲቀዘቅዝ የእሳቱን አፎች በመርፌና በብሩሽ ያጽዱ፤ ከሥሩ ያለችውን የአየር ቀዳዳም ያስፉ። በቢጫ ነበልባል በተዘጋ ክፍል ማብሰል ሽታ የሌለው መርዛማ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመጣል፤ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከተሰማዎት ምድጃውን አጥፍተው ወዲያው ወደ ደጅ ይውጡ።

ደረጃ 8፦ ጋዝ ሲሸት

ይህን ክፍል ለቤተሰቡ ሁሉ፣ ለቤት ሠራተኛዋና ለተከራዩም ጮክ ብለው ያንብቡላቸው።

1. ማብሪያውን አይንኩ። እየበራ ያለው መብራት ይብራ፣ የጠፋውም ይጥፋ። ማቀዝቀዣ ከሶኬት አይንቀሉ፤ ስልክም ክፍሉ ውስጥ አያንሡ። መብራት ጠፍቶ ከሆነ በተለይ ይቸኩሉ፤ ሲመጣ ማቀዝቀዣው በራሱ ብልጭታ ይፈጥራልና።

2. ከክፍሉ ውጭ የሚነድ እሳት ካለ ሌላ ሰው ያጥፋው። ሽታው ከበረታ ግን ማንም አይጠጋ።

3. ሲሊንደሩ ጋ በደኅና መድረስ ከቻሉ ቫልቩን ይዝጉ።

4. በሩን ወለል አድርገው ይክፈቱ፤ ከዚያ መስኮቶቹን። ወለሉ ላይ ያለውን ጋዝ በመጥረጊያ ወይም በካርቶን ወደ በሩ ማራገብ ይረዳል፤ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ግን አያብሩ።

5. ሰውን ሁሉ አስወጥተው ከተዳፋቱ በላይ በኩል ይቁሙ፤ በታች በኩል ያሉትን ጎረቤቶች እሳት እንዲያጠፉ ያሳውቁ። ስልክ የሚደውሉት ከዚህ በኋላ፣ ከቤቱ ርቀው ነው። የከተማውን የእሳት አደጋ መከላከያ ቁጥር ዛሬውኑ በደጁ በኩል ይጻፉት።

ሽታው ጠፋ ብለው ወዲያው አይመለሱ። ፍሳሽ ቀዳዳ፣ ቁም ሣጥን ሥርና አልጋ ሥር ያለው ጋዝ ዘግይቶ ነው የሚወጣው።

እሳት ከተነሣ፦ የሚነደው በሬጉሌተሩ ላይ ብቻ ከሆነና ቫልቩ ጋ መድረስ ከቻሉ፣ እጅዎን በረጠበ ወፍራም ጨርቅ ጠቅልለው ይዝጉት፤ ጋዙ ሲቆም እሳቱ ይጠፋል። መዝጋት ካልቻሉ ነበልባሉን አያጥፉት፤ ሳይነድ የሚወጣው ጋዝ ቤቱን ሞልቶ የከፋ ፍንዳታ ያመጣል። ነበልባሉ የሲሊንደሩን አካል እየላሰ ከሆነ ንብረት ለማውጣት አይመለሱ፤ ሁሉንም አርቀው ያስወጡ።

ፈሳሹ ቆዳ ከነካ እንደ እሳት ያቃጥላል፤ ምክንያቱ ግን ቅዝቃዜ ነው። ለብ ባለ ውኃ ለረጅም ጊዜ ያጥቡ፣ አያሹት፣ ቅቤም አይቀቡ፤ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

ደረጃ 9፦ መለወጥና መለዋወጫውን ማስቀመጥ

ባዶ የሚባለው ሲሊንደር ባዶ አይደለም፤ ውስጡ አሁንም ተን አለ። ሬጉሌተሩን ከመንቀልዎ በፊት ቫልቩን ይዝጉ፣ የቀረውን በምድጃው ያቃጥሉ፣ ከነቀሉ በኋላ ያስቀመጡትን ክዳን ይመልሱ። በውስጡ የሚቀረውን ጥቂት ፈሳሽ ወደ ቦይ መድፋት ወይም ለማስጨረስ መገልበጥ አይፈቀድም።

ሙሉውን መለዋወጫ በቤት ውስጥ አያስቀምጡ። ቁሞ፣ ተከድኖ፣ በሰንሰለት ታስሮ፣ ከፀሐይና ከክረምቱ ዝናብ በተጠለለ ክፍት ዳስ ሥር ይሁን። በቆርቆሮ የታጠረ ጠባብ ጎጆ አይመረጥም፤ ቀን ይግላል፣ ያፈሰሰውንም ጋዝ አፍኖ ይይዛል። አጥሩ ግድ ከሆነ ከታች አንድ ጋት ያህል ክፍት ይተዉለት። ሙሉውንና ባዶውን ለይተው ያቁሙ፤ በባዶው ላይ በጠመኔ ምልክት ያድርጉ፤ ሻጩ ሲመጣም ባዶውን እንደ ሙሉው ሁሉ ቁሞና ተከድኖ ያስረክቡ።